በሐር ትሎቹ ላይ የወጣው ነጭ ዱቄት

ይድረስ ባሕር ተሻግሮ ላለው ወንድሜ፣ ለአያ አንዳርጋቸው፤ ታሽከንት።

አያ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲበረታ የሚነሳብህ የጎን ውጋት ተሻለህ ወይ? ምግቡስ ተስማማህ? በፊተኛው ደብዳቤህ ውስጥ የላክኸውን ፎቶግራፍ እማዬ አይታ፣ ልጄን ምን አድርገው ነው አንገቱን እንዲህ ያቀጠኑት እያለች ስታለቅስ ዋለች። ኮቱ ሰፍቶት ነው እንጂ እሱስ አልከሳም ብላት ማን ሰምቶኝ። እስቲ እውነቱን ጻፍልኝ፤ ትበላለህ? ትተኛለህ? የሚያስጠጋህ ሰውስ አለህ?

እኛ ደኅና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። በሕይወት ግን አለን፤ ለዚህስ የድንግል ልጅ ይመስገን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ፍልሰታን ሳታጓድል ጾማለች። ልጅህ ወርቅውሃ አፏን ፈትታ ለምን ለምን እያለች ታደክመናለች። ሸጋ ልጅ ወጥቷታል፤ ግንባሯ ያንተው ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ አብሮህ የሚማረው አዳሙ ነው። ለእረፍት መጥቶ ሊመለስ መሆኑን ስሰማ እቤታቸው ድረስ ሄጄ በሰማይ በምድር ብዬ አደራ አልሁት። በፖስታ ቤት ብሰድደው ካንተ አስቀድሞ ማን እንደሚያነበው አታጣውም። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው። እሺ በለኝ አያ፤ አንተ ወረቀት ማስቀመጥ ትወዳለህ።

እንግዲህ ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርህ። ሚስትህ ታየች ታስራለች። ሁለት ሳምንት ሆናት። የሴቶች ማኅበሩን የሐር ትል ሆን ብላ በመርዝ ፈጅታለች፣ አሻጥረኛ ናት ተብላ ነው። አይዞህ፣ ቁጭ በል። ከሥሩ ጀምሬ እነግርሃለሁ።

የሐር ትሉ እንቁላል አምና ለማኅበሩ መሰጠቱን ጽፌልህ ነበር። እናንተ ጋ ያለው የእንጆሪ ቅጠል የሚበላው ዓይነት አይደለም፤ ይሄኛው ጉሎ በላ ነው። ጉሎ ደግሞ ሳንዘራው በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። ሴቶቹ መጀመሪያ ትል ነው ብለው ሲጸየፉ፣ ታየች በባዶ እጇ እያነሳች አሳየቻቸውና ለመዱት። በየቤታቸው በሰፌድ አድርገው፣ ከምድጃው ራቅ፣ ከግድግዳው ጠጋ አድርገው አሳደጉት። ቤቱ ደረቅ ነው፣ ይሞቃል። የመጀመሪያው ምርት እንዴት ያለ ነበር መሰለህ! ልክ እንደ ጥጥ አባዝተው በእንዝርት ፈተሉት። እማዬ እንኳ፣ የትል ምራቅ አልለብስም ስትል የነበረችው፣ ክሩን በጉንጯ አሽታ አሽታ፣ ይህንስ ለታቦት መጋረጃ ነበር አለች።

ኋላ ሐምሌ ላይ ጓድ የሻው የሚባል ካድሬ ተመደበልን። አሥረኛው የአብዮት በዓል ደረሰ፣ የማኅበሩ ሐር ለኤግዚቢሽን ይቀርባል፣ እንግዶችም መጥተው ይጎበኙታል ብሎ ስብሰባ ጠራ። ትሉ በየጎጆው መበተኑ የግለኝነት ርዝራዥ ስለሆነ ሁሉም ወደ ገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ይግባ አለ። መጋዘኑን ታውቀዋለህ፤ ያ ከማክሰኝት መንገድ ወረድ ብሎ ያለው፣ ጣሪያው በጥይት የተበሳሳው። ታየች ተነሥታ፣ ቤቱ ያፈስሳል፣ ክረምቱ እስኪወጣ እባካችሁ ይቆይ ብላ ለመነች። እሱም፣ ትል ደግሞ ዣንጥላ ይፈልጋል እንዴ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የሳቁት እነዚያው ሴቶች በማግስቱ ሰፌዳቸውን በራሳቸው ተሸክመው በዝናብ አወረዱት።

እማዬ ግን እማዬ ናት። አንዱን ሰፌድ በቆጥ ላይ ሸሽጋ አስቀረችው። ተንኮል አስቤ ሳይሆን ሳስቼለት ነው አለችኝ በኋላ ስጠይቃት።

መጋዘኑ ውስጥ ነገሩ ወዲያው ከፋ። ውሃው በጣሪያው እየገባ መደርደሪያው ላይ ይንጠባጠባል፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ እርጥበቱን አይመጥም። ቅጠሉ ሳይበላ ይሻግታል። ትሎቹም መብላት ቀነሱ፣ አካላቸው ላላ፣ ቆዳቸው ላይ የዘይት ጠብታ የመሰለ ነጠብጣብ ወጣ። ሴቶቹ ቡዳ በላቸው ተባባሉ። እማዬ ደግሞ ምች ነው የመታቸው ብላ ቆረጠች። ፍልሰታ አይደል፣ ከቅዳሴ ስትመለስ ከማርያም ጠበል በቅል ቀድታ፣ ጥበቃው እስኪዘናጋ ጠብቃ ገባችና መደርደሪያውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ረጨችው። እቤትም ተመልሳ የራሷን ሰፌድ ረጨች። ይህን ልብ በል አያ፤ ሁለቱንም ነው የረጨችው። እርጥቡን በእርጥብ ላይ! እሷ ግን ከልቧ ነው፤ ለሰው የሚሆን ለትል ምነው አይሆንም አለችኝ። ምን ትላታለህ?

የቡሄ ሳምንት ከመግባቱ በፊት እናቴን ልጠይቅ ከጎንደር ወረድሁ። ታየች እጄን ይዛ፣ ሐረገወይን፣ አንቺ እኮ ላቦራቶሪ ነው የምትሠሪ፣ እስቲ ምን እንደሆኑ እይልኝ ብላ ከመጋዘኑ ትሎች አፍሳ በካርቶን ሰጠችኝ። ከእማዬም ሰፌድ ጥቂት ጨመርሁ። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ካርቶኑ ሲንኮሻኮሽ ሰምተው፣ ጫጩት ነው ወይ ቢሉኝ አዎ አልሁ። ትል ነው ብል ማን ያስቀምጠኛል?

አሁን የምነግርህ ያንተው የባዮሎጂ ትምህርት ነውና ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። በማይክሮስኮፑ የታመመውን ትል ደም ሳየው ቀጫጭን ክር የመሰለ ነገር ሞልቶበታል። ፈንገስ ነው። ዘሩ ቆዳው ላይ ያርፋል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይበቅላል፣ ቆዳውን ሰርስሮ ይገባል። እዚህ ላይ ብቆም ይበቃኝ ነበር፤ ግን ገና ያልታመሙ የሚመስሉት፣ ቅጠል የሚበሉት ትሎች በሽታው ይኑርባቸው አይኑርባቸው ማወቅ ፈለግሁ። ታስታውሳለህ፣ አንድ ክረምት የመጣህ ጊዜ፣ ሰውነት ከጀርም ጋር ሲዋጋ የሚያመነጨው መርዝ ጀርሙንም ራሱንም ያቃጥላል፣ ያንን ቃጠሎ የሚያበርዱ ኤንዛይሞች አሉ፣ እነሱ ሲደክሙ ያ አካል አለቀለት ብለህ ያስረዳኸኝን? ከእነዚያ አንዱን፣ ካታሌዝ የሚባለውን፣ በእኛ ላቦራቶሪ ዕቃም ማየት ይቻላል። ትሉን ሳልገድል ከደሙ ጠብታ በመርፌ ወስጄ በጥቂት ውሃ በጠበጥሁና ቁስል የምናጥብበትን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ አደረግሁበት። ኤንዛይሙ ካለ አረፋ ያወጣል፤ ከሌለ ዝም ይላል።

የእማዬ ሰፌድ ትሎች አረፋቸው መካከለኛ ነው፤ ደጋግሜ ብሞክረው ያው ነው። ከመጋዘኑ ከመጡት፣ ላያቸው ንጹሕ ከሆነው፣ አንዳንዶቹ አረፋቸው ከቱቦው አፍ ፈስሶ ጠረጴዛዬን አጥለቀለቀው። ሌሎቹ፣ ያው ንጹሕ መሳይ፣ ያው ቅጠል በሊታ፣ ፈሳሻቸው እንደ ውሃ ቁጭ አለ። መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ እነዚያ የፈሉት ገና ፈንገሱ የገባባቸው፣ ያላቸውን ኃይል ሁሉ አውጥተው የሚታገሉት መሆናቸው፣ ዝም ያሉት ደግሞ ትግሉን የጨረሱት መሆናቸው ሲገባኝ ትሎቹን ለይቼ ከነቅጠላቸው አሳደርኋቸው። ዝም ያሉት በማግስቱ ሞቱ፤ የፈሉት ወገኖች ደግሞ ተከተሏቸው። አንድም ከመጋዘኑ የመጣ አልተረፈም። ለካ ትሉ ሳይሞት፣ እየበላ እያለ ነው ያለቀለት።

ወዲያው በሚሄድ ሰው እጅ ለታየች ላክሁላት። መጋዘኑ በሙሉ ታሟል፣ ነገ ሳትዪ የደከሙትን ለይተሽ አቃጥዪ፣ የቀሩትን በየደረቁ ቤት መልሱ አልኋት። እሷም ሄዳ ለጓድ የሻው ነገረችው። እሱ ከበዓሉ በፊት አንድ ትል ከዚህ አይወጣም፣ አንድ ትል አይነካም አላት። ይህን ሰምቷል አያ። አልሰማሁም ሊል አይችልም። የሴቶች ማኅበሩ ሊቀ መንበርም ቆማ ሰምታለች፤ አሁን ግን ዐይኗን ከእኔ ታሸሻለች።

ለቡሄ ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ ታየች ብቻዋን ቀርታ የሞቱትን ስትለቅም ዋለች፤ ሳትጨርስ መሸባት። የሞተው ትል ደግሞ ይደርቅና ነጭ ዱቄት ይለብሳል፤ ያ ዱቄት የፈንገሱ ዘር ነው። ሲነጋ ጓድ የሻው እንግዳ አስከትሎ መጋዘኑን ሲከፍት መደርደሪያው ሁሉ ነጭ ሆኖ ጠበቀው። ዲዲቲ አለ። ለወባ የሚረጨውን ዲዲቲ ነስንሳበት ነው አለ። ቁልፉ ማን እጅ ነበር? ታየች። አባቷስ የት ነው? ከኢዲዩ ሸማቂዎች ጋር ሱዳን ገብቷል። በቃ። ወርቅውሃ ቀሚሷን ይዛ እያለቀሰች፣ ልጅቷን ከላይዋ አላቅቀው ታየችን ወሰዷት።

እዚያ ቢሮ እዚህ ቢሮ ብዬ ያላንኳኳሁት በር የለም። አንዱ ዛሬ ስብሰባ ነው ይለኛል፣ አንዱ በአሻጥር ጉዳይ እኔን አታስገቢኝ ይለኛል፣ አንዱ የልጅነት ጓደኛህ ነው፣ ስሙን አልጠራውም፣ ከነመኖሬም ረሳኝ። ሥራ ቦታ ቱቦ ከእጄ እየወደቀ ይሰበራል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አስተማሪዎችህ ስለዚህ በሽታ አንድ ቴሌግራም ቢልኩልን እስከማለት ደርሼ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ! ቴሌግራሙ ቢመጣ እንኳ፣ ባሏ ከውጭ አገር በጉዳዩ ገባ ብለው አንተን ከትምህርትህ ይመልሱሃል። ስለዚህ ምንም አታድርግ። ጠርተው ቢጠይቁህም ስለ ትል ያልሰማህ ሁን።

ከትናንት ወዲያ ጓድ የሻው አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ወንበር መስጠቱ ራሱ አስፈራኝ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ የሐኪም ቤት ሰው ነሽ፣ ሰኞ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ዱቄቱ መርዝ መሆኑን እንደ ባለሙያ ትመሰክሪያለሽ አለኝ። ይህን ካደረግሽ አንቺንም እናትሽንም ማንም አይነካችሁም፣ የወንድምሽም ትምህርት አይደናቀፍም አለ። ካልሆነ ግን ትሎቹን ወደ ጎንደር ይዘሽ የሄድሽው ለምን እንደሆነ እኛም እንጠይቃለን አለኝ። እንደ ወዳጅ ነበር የሚናገረው። ከመሰከርሁ ታየች አለቀላት፤ በበዓሉ ዋዜማ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን አንተም እኔም እናውቃለን። ካልመሰከርሁ እኔ ነኝ።

ይህን ለእማዬ ብነግራት ሌላ ጣጣ አመጣችብኝ። እርጥበት ነው ያጠፋቸው ማለቴን ሰምታ ኖሮ፣ እንግዲያ ጠበል የረጨሁት እኔ ነኝ፣ ገዳያቸው እኔ ነኝ፣ ሄጄ እናገራለሁ፣ ልጄን ይፍቷት አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። በር ላይ ቆሜ ከለከልኋት። እማዬ፣ ቆጥ ላይ ያለውን ሰፌድሽን እዪው፣ እሱንም ረጭተሽዋል፣ አልሞተም፣ ስለዚህ ጠበሉ አይደለም፣ የሚያፈሰው ቤት ነው አልኋት። ሰፌዱን አውርዳ አየችው። ትሎቹ ደልበው ደልበው ክራቸውን መጣል ጀምረዋል። ትኩር ብላ አይታ ምን አለች መሰለህ? በል እንግዲህ፣ ጠበሉ ነዋ ያዳናቸው! ከዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል ሳቅ አፍኖኝ ፊቴን ዞር አደረግሁ። ስለ ጠበሉ ግን እንዳትናገሪ ብላት፣ ከጠየቁኝ አልዋሽም አለች። ሰኞ ከቤት እንዳትወጣ ወርቅውሃን ጭኗ ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትለኛለች። እስኪጠራ ድረስ ሰው ይተርፋል ወይ ነው የእኔ ጥያቄ።

ዛሬ ለታየች ስንቅ ሳቀብል፣ ጠባቂው ልቡ ራርቶ ለጥቂት ጊዜ ከእሷ ጋር አገናኘኝ። ከስታለች፤ ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ቅማል በዝቶ ነው ብላኛለች። ሌላ ነገር አላየሁባትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ሊያስመሰክሩኝ መሆኑን ሰምታ ኖሮ፣ እህቴ፣ መርዝ ነው ያሉሽን በይና ትረፊ፣ ልጄን የሚያሳድግልኝ ሰው ይኑር አለችኝ። እንዲህ በቀላሉ፣ ጨው አበድሪኝ የማለት ያህል። ለአንተ ምን ልበልልሽ ብዬ ብጠይቃት፣ ደኅና ናት በዪው፣ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ አለች። ስለዚህ ይኸው ብያለሁ።

አያ፣ ይህን ደብዳቤ ስጀምር ምክር ልጠይቅህ ነበር። አንዷ እናትህ፣ አንዷ ሚስትህ፣ አንዷ እህትህ፤ የትኛዋን ላስቀድም ብዬ። ግን ደብዳቤው አንተ ዘንድ የሚደርሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ደግሞስ በአንተ ላይ ምን ጭነት ነው? አንተን ምረጥ ማለት ግፍ ነው። ስጽፍልህ ስጽፍልህ፣ ያን ሁሉ አረፋና ፈንገስ ሳስረዳህ፣ ለአንተ እንዲህ አቃንቼ መናገር ከቻልሁ ለእነሱም መናገር እችላለሁ አልሁ።

ሰኞ የምለው ይህ ነው። ዱቄቱ መርዝ አይደለም፣ የፈንገስ ዘር ነው እላለሁ። ትሎቹ ከቡሄ በፊት ታመው እንደነበር ላቦራቶሪ አይቻለሁ፣ ታየችም ለጓድ የሻው ነግራዋለች እላለሁ። በደረቅ ቤት የቀሩት ትሎች አሁንም በሕይወት አሉ፣ ያጠፋቸው የሚያፈሰው መጋዘን ነው እላለሁ። ሰፌዱን ማን አስቀረው ሲሉ እኔ ነኝ እላለሁ፤ እማዬን አልነካትም። ስለ ጠበሉ ትንፍሽ አልልም። ጓድ የሻው የዚያን ጊዜ ፊቱ ምን እንደሚመስል ይታየኛል። እፈራለሁ፣ ልዋሽህ አልችልም። ሽንት ቤት ገብቼ ነው የማለቅሰው፣ የሥራ ባልደረቦቼ እንዳያዩኝ። ጀግና መሆን አልፈልግም ነበር እኮ። ግን መርዝ ነው ብዬ ከወጣሁ በኋላ ወርቅውሃን እንዴት አቅፋታለሁ? እናቴ የት ሄደች ስትለኝ ምን እላታለሁ?

ሞት ይርሳኝና፣ ለልጅህ የላክኸው ጫማ ደርሷል። ትንሽ ሰፍቷታል፤ ጥጥ ጎስጉሰንበት ታደርገዋለች።

እማዬ ዐይንህን ሳላይ እንዳልሞት ጸልይልኝ ብላ በጉንጭህ ትስምሃለች። ታየች አንተ ስትሄድ የለበሰችውን ቀሚስ እንደለበሰች ነው፣ እጅግ አድርጋ ናፍቃሃለች። ወርቅውሃ ደኅና ነህ ወይ አባዬ፣ መቼ ነው የምትመጣው ብላለች። ይርገዱ ጎረቤታችን፣ ልጅ አንዳርጋቸው ብርዱን ይቻለው ብላ ሰላም ብላሃለች። ሰኞ ወርቅውሃን ከእማዬ ጋር የምትጠብቅልኝ እሷ ናት፤ ከዚያም ወዲያ ቢሆን አልጥላትም ብላ ቃል ሰጥታኛለች። እኔም ከዐይንህ እስከ ግንባርህ ስሜሃለሁ።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ ስትጽፍ በእኔ ስም አትላከው። በይርገዱ ስም ላከው።

እህትህ ሐረገወይን
ጎንደር
ነሐሴ ፳፮ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.